እጁን አንጠልጥሎ የቆመው ሰውዬ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለተፈጠረው ሁሉ ተጠያቂውም እኔው ነኝ። ማታ በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ ስለ አንድ ሥዕል አንዲት ጥያቄ ጣል አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 19 መልስ ተደርድሯል፣ ሁለት ሰዎች ተኮራርፈዋል፣ ግማሹ ሕዝብ ደግሞ ስለ አህያ ያወራል። አሁን 36 ደርሷል። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ የሆነውን ላውጋችሁ።

መነሻው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የእህቴን ልጅ ይዤ ሉቭር ሙዚየም ሄድኩ። ፓሪስ ስኖር ዓመታት አልፈዋል፤ ሉቭር የምገባው ግን እንግዳ ሲመጣብኝ ብቻ ነው። ያን ሰሞን የፈረንሳዊው ሠዓሊ የአንትዋን ቫቶ «ፒዬሮ» ከረጅም እድሳት ወጥቶ ልዩ ዐውደ ርእይ ተከፍቶለት ነበር። ቢጫ ሆኖ ይጋርደው የነበረው አሮጌ ቫርኒሽ ተነሥቶለታል። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1718 ወይም በ1719 እንደተሣለ ነው የሚገመተው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ገደማ ነው። ፊቱ ስትቆሙ ሥዕል የምታዩ አይመስላችሁም፤ ከሰው ጋር የተፋጠጣችሁ ነው የሚመስላችሁ።

ሰውዬው ኮሜዲ ተጫዋች ነው። ከላይ እስከ ታች ነጭ ሳቲን ለብሷል። እጅጌው ከልክ በላይ ረዝሞ ክንዱ ላይ ተጨማዷል። ሱሪው ደግሞ አጥሮ ቁርጭምጭሚቱን ያሳያል። ጫማው ላይ ቀላ ያለ ሪባን አለ። ክብ ባርኔጣው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ሁለት እጆቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፤ ምንም አይሠሩም። ከኋላው፣ ዝቅ ካለ ቦታ፣ አራት ሰዎችና አንድ አህያ ከደረታቸው በላይ ብቅ ብለዋል። እነሱ የራሳቸውን ጨዋታ ይዘዋል። እሱ እኛን ያያል።

የእህቴ ልጅ 8 ዓመቷ ነው። ትንሽ አየችውና ቀጥሎ የሚያደርገው ጠፍቶት ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ አዝኖ ነው ብያት ነበር። ማታ ለመድረኩ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ይህ ሰው አዝኗል ወይስ ዝም ብሎ ቆሟል? አዝኗል የምትሉ ደግሞ ከሥዕሉ ላይ በምን አወቃችሁ?

1ኛው መልስ ከአንድ ትሑት ሰው መጣ። ሰላምታ አቅርቦ፣ አመስግኖ፣ ለልጅቷም ዕድሜ ተመኝቶ፣ ማዘኑ አያጠራጥርም አለ። ማስረጃው የዓይኑ ቆብ ነው፤ ቀላ ብሏል። ሰው ሲያስቅ የዋለ ማታ ለብቻው እንደሚያለቅስም የታወቀ ነው ብሎ ጨመረ። 2ኛው ተስማማ። አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፈው፤ የቀረው የልብ ምልክት ነበር።

3ኛዋ አዲስ አበባ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረች፣ አሁን ልጆች የምታስተምር ሠዓሊ ናት። እሷ ገና ከመጀመሪያው ቃል ተቆጥታ ነው የገባችው። ፊቱን ተዉትና አቋቋሙን እዩ አለች። ቫቶ የሚታወቀው በትንንሽ ሸራ ነው፤ መናፈሻ ውስጥ በሚንሸራሸሩ ደቃቃ ሰዎች። ሰዎቹ ሁልጊዜ ዘወር ይላሉ፣ ያጎነብሳሉ፣ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። እዚህ ግን አንድ ሰው ብቻ፣ በቁሙ ልክ፣ እንደ ምሰሶ ፊት ለፊት ተተክሏል። አድማሱ ደግሞ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ነው የምናየው። መድረክ ሥር እንደቆመ ተመልካች ማለት ነው። ሠዓሊው ልማዱን ሁሉ የተወበት ምክንያት መኖር አለበት፤ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው አለች።

ከዚያ ስለ ነጩ ልብስ ጻፈች። ከመልሶቹ ሁሉ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህንን ነው። ተማሪ ሳለች የግራ እጅጌውን ከመጽሐፍ ላይ ለመቅዳት ሦስት ሳምንት ታግላለች። ያልተሳካላት ነጭን በነጭ ልትሥል ስለሞከረች ነው። የቫቶ ነጭ ውስጥ ግራጫ አለ፣ የሰማዩ ሰማያዊ አለ፣ ጥላው ላይ ሞቅ ያለ ቀለም አለ። ንጹሕ ነጭ የተቀመጠው ጨርቁ ብርሃን በሚመታበት ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ብሩሹ አንዴ ነክቶ አልፏል። አስተማሪዋ ሸራዋን አይተው ኖራ የተቀባ ግድግዳ ብለዋት እንደነበረ ነገረችን። እስካሁን የተቀየመች ይመስላል።

4ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የቲያትር መምህር ናቸው። መድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ ወደ ልብሱ ታሪክ ወሰዱን። ፒዬሮ ኮሜዲያ ዴላርቴ ከሚባለው የጣልያን የቀልድ ቲያትር የመጣ ገጸ ባሕርይ ነው። መነሻው ፔድሮሊኖ የሚባል አገልጋይ ነው። ፓሪስ ውስጥ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. ከ1673 ጀምሮ ጣልያናዊው ጃራቶኔ ሲጫወተው ነው። ገራገር፣ የሚታለል፣ ፍቅር የማይቀናው አሽከር። የረዘመው እጅጌ የሐዘን ምልክት ሳይሆን ቀልድ ነው፤ ልብሱን መሙላት ያቃተው ሰው ያስቃል። ሉዊ 14ኛ በ1697 ጣልያኖቹን ከፓሪስ አባረራቸው። የተመለሱት ንጉሡ ከሞተ በኋላ በ1716 ነው። ቫቶ ሥዕሉን የሠራው ከተማው እንደገና በእነሱ ፍቅር በተያዘበት ሰሞን ነው። ጋሼ ሌላም ነገር አስተዋሉ። መድረክ ላይ ፒዬሮ ጭንብል አያደርግም፤ ፊቱን ግን ዱቄት ይቀባል። ይህኛው አልተቀባም። ፊቱ የሰው ፊት ነው። ገጸ ባሕርዩ ልብሱ ጋ አልቆ ከአንገት በላይ ተዋናዩ ጀምሯል፣ ይኸው ነው ጉዳዩ አሉ።

5ኛው ሥዕሉን በሌላ ስም እንደሚያውቀው ጻፈ፤ «ዢል» ተብሎ። 6ኛው መለሰለት። ዢል በፓሪስ ዓመታዊ ገበያዎች ላይ፣ ሳን ዤርሜንና ሳን ሎራን በሚባሉት፣ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ሰው የሚጠራ ሞኛሞኝ ነበር። እሱም የሚለብሰው ያንኑ ነጭ ልብስ ነው። ሙዚየሙ ለረጅም ጊዜ ዢል ሲለው ኖሮ አሁን ፒዬሮ ይለዋል።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

7ኛው ሰው መንፈሳዊ ነገር የሚያውቅ ነው። ሥዕሉን አንድ ጊዜ አይቶ ጲላጦስ ለሕዝቡ ያሳየው ጌታ ትዝ እንዳለው ጻፈ። ከፍ ብሎ የቆመ፣ እጁ የተንጠለጠለ፣ ከሥሩ ሰዎች የሚሳለቁበት። ሄሮድስ የጌጥ ልብስ አልብሶ እንደዘበተበትም ሉቃስ ጽፏል። ባርኔጣው ከጭንቅላቱ ኋላ ክብ ሆኖ ሲታይ አክሊለ ብርሃን አይመስልም ወይ? አህያውስ ሆሳዕናን አያስታውስም ወይ?

8ኛው አላሳለፈውም። ባዩት ነገር ሁሉ ላይ መስቀል የሚፈልጉ ሰዎች ሰልችተውኛል ብሎ ጀመረ። የቀልደኛ ልብስ የቀልደኛ ልብስ ነው፣ አህያም አህያ ነው አለ። የጨረሰው ወንድሜ ብሎ ነው፤ ግን ወንድሜ የሚለው ቃል እንደ ጥፊ የሚያገለግልበት ጊዜ እንዳለ ታውቃላችሁ። 9ኛው የ7ኛው መልስ ነበር፤ አጭርና መራራ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ጋሼ 10ኛ ላይ ገብተው ሁለቱንም ገሠጹ። ይህ ንባብ የመድረካችን ፈጠራ እንዳልሆነ፣ የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎችም ሥዕሉን ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት በመዳብ ላይ ቀርጾ ካተማቸው የክርስቶስ ምስሎች ጋር ሲያነጻጽሩት እንደኖሩ አስረዱ። እሳቸው ግን አልተቀበሉትም፤ አልተቀበልኩትም ለማለት መሳደብ አያስፈልግም ነው ያሉት። በበኩሌ ባርኔጣው ነገር ላይ 7ኛው ሰው እውነት አለው እላለሁ። አንዴ ከነገሩህ በኋላ አለማየት አይቻልም።

11ኛው ወደ እኛ አገር ሥዕል ወሰደው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃን ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎች በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ። በዚህ ሕግ ከሄድን ፒዬሮ ጻድቅ ነው፣ በአንድ ዓይኑ የሚያጮልቀን አህያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው አለ። የምሩን ይሁን ለቀልድ እስካሁን አልገባኝም። 12ኛዋ ሳቀችበት። በዚህ ሕግማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስም በጎን ስለተሣለ ሊወገዝ ነው አለች። የፓሪሱ ሠዓሊ የጎንደርን ሠዓሊ ሕግ የሚያውቅበት መንገድ እንደሌለም ጨመረች።

ግን አህያው ተነሥቷል፤ ማን ይመልሰው። ከ13 እስከ 17 ያለው በሙሉ አህያ ነው። አንዱ ልጅ ሳለ እህል በረንዳ አካባቢ ዳውላ የተጫኑ አህዮች ሲነዱ እያየ እንዳደገ ተረከ። ሌላው በአህያው ላይ የተቀመጠው ዶክተሩ መሆኑን፣ ዶክተር ማለት በኮሜዲያ ዴላርቴ ብዙ የሚያወራና ምንም የማያውቅ ምሁር መሆኑን ጠቅሶ፣ የተሸከመው ነው ወይስ የተቀመጠው አህያው ብሎ ጠየቀ። ተረትና ምሳሌም ዘነበ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለው ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱም ጊዜ ከሥዕሉ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልተነገረንም።

18ኛዋ ስለ ነጭ ጻፈች። እኛ ነጭ ስናይ ወይ ዓመት በዓል ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚታየን፤ ስለዚህ መጀመሪያ ስታየው ሰውዬው የሚሄድበት ቦታ ያለው መስሏት ነበር። ሐዘን የሚለየው በቀለሙ ሳይሆን በአለባበሱ ነው። ያው ነጠላ ነው፤ ጥለቱ ሲዘቀዘቅ ለቅሶ ይሆናል። እናቷ ከሩቅ የምትመጣ ሴት ነጠላ አለባበስ አይታ ማን እንደሞተ ሳይነገራት ድንጋጤ ይይዛት እንደነበረ አስታወሰች። ፒዬሮን ለሚያውቁት ለዚያ ዘመን ሰዎችም እጅጌው፣ ቁልፉ፣ ባርኔጣው እንዲህ ከሩቅ ይናገር ነበር፤ እኛ ግን የጥለቱን ቋንቋ አናውቀውም አለች። ይህን መልስ 18ኛ ላይ ማስቀመጥ ግፍ ነው። አንደኛ መሆን ነበረበት።

19ኛው በልበ ሙሉነት ነገሩን ዘጋው። ሥዕሉ ቫቶ ራሱ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ነበረበት፣ በ1721 ገና በ36 ዓመቱ ሞተ፤ ስለዚህ የምናየው ሊሞት የተቃረበ ሰው ራሱን በቀልደኛ ልብስ ሲሰናበት ነው። ጨርሻለሁ ዓይነት ነገር።

20ኛው የኔ ነው። ከእንቅልፌ ተነሥቼ ይቅርታና ምስጋና ጻፍኩ። 21ኛዋ ያቺው ሠዓሊ ናት፤ 19ኛውን አልማረችውም። የሠዓሊውን የሕመም ታሪክ አንብቦ ሥዕሉን ማየት ሥዕል ማየት አይደለም አለች። በዚህ አካሄድ ሳል የያዘው ሠዓሊ ሁሉ ራሱን ነው የሣለው ማለት ነው። ሰውዬው ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ጤነኛ መሆኑንስ አላየህም ወይ? ትንሽ በዛ። ግን ጉንጩን ሄጄ አየሁ፤ እውነቷን ነው።

22 ላይ ጋሼ የጥያቄዬን መልስ የነኩት ይመስለኛል። ያዘነው ፒዬሮ የተወለደው ከቫቶ ሞት መቶ ዓመት በኋላ ነው አሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ፉናምቡል በሚባል ቲያትር ደቡሮ የተባለ ተዋናይ ነበር። ፊቱን ነጭ ቀብቶ፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ በእንቅስቃሴ ብቻ ሕዝቡን ያሳብድ ነበር። ባለቅኔዎቹ ወደዱት። ከሳቁ ሥር እንባ አለ ብለው ጻፉለት። ይህ ሥዕል በሰፊው ሕዝብ ዓይን ሥር የገባው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ላ ካዝ የሚባል ሐኪም በ1869 ሲሞት ከሌሎች ብዙ ሥዕሎቹ ጋር ለሉቭር ተናዞ ተወው። እንግዲህ ሰዎች ፊቱ ሲቆሙ የደቡሮን ፒዬሮ በልባቸው ይዘው ነው። ሐዘኑን ይዘውት የገቡት እነሱ ናቸው አሉ ጋሼ። 1ኛው ሰው ይህን አንብቦ ለ22ኛው በትሕትና ላይክ ሰጠ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

23ኛውን የጻፈው ከዚህ በፊት ምንም ለጥፎ የማያውቅ ልጅ ነው። ዱባይ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ለሰባት ወር የድብ ልብስ ለብሶ ሠርቷል። ሥራው የሕፃናት መጫወቻው በር ላይ መቆምና መጨፈር ነው። ማውራት ክልክል ነው። ውስጡ ይጠብሳል። ጭንቅላቱ ውስጥ ትንሽ ማራገቢያ አለች፤ ባትሪዋ ካለቀ ግን የሚቀይርልህ የለም። የእረፍት ሰዓቱ በወረቀት ላይ ሌላ ነው፣ በተግባር ሌላ። ይህን ሁሉ ሳያማርር ነው የጻፈው። ዋናው ነገሩ ሌላ ነው። ከሁሉ የሚከብደው መጨፈሩ አይደለም አለ። ዘፈኑ ሲቆምና ልጆቹ ሲሄዱ ነው። ልብሱን አውልቀህ አትሄድ፤ አትጨፍር ነገር ሰው የለ። ያኔ እጅህን የምታደርግበት ይጠፋሃል። ኪስ የለውም። ማጣጠፍ አይመችም፤ ክንዱ ወፍራም ነው። ዝም ብለህ ታንጠለጥለዋለህ። ልብሱ ደግሞ ከሱ በፊት ለነበረ ረጅም ሰው የተሰፋ ስለነበረ እጅጌው ክንዱ ላይ ይከመር ነበር፤ ልክ እንደዚያ ሰውዬ።

ለሁለት ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም። በዚህ መድረክ እንዲህ ያለ ዝምታ አላስታውስም። 24፣ 25 እና 26 አይዞህ የሚሉ ናቸው፤ አንዷ ግን ያኔ ምን ታስብ ነበር ብላ ጠይቃዋለች።

27ኛው ዋሽንግተን የሚኖር ነው፤ በምሳ ሰዓቱ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየሙ ጋ ሮጦ ሄዶ ተመልሶ ነው የጻፈው። መግቢያው ነፃ ነውና የከተማው ልጆች ምን እንደምትጠብቁ አላውቅም ሲል ጎሸም አደረጋቸው። እዚያ «የጣልያን ኮሜዲ ተጫዋቾች» የሚባል የቫቶ ሥዕል አለ፤ ቫቶ በ1720 ገደማ ለንደን ሳለ ለአንድ ሐኪም የሠራው ነው። ትንሽ ነው። ግን ቡድኑ መሐል ያው ፒዬሮ በነጭ ልብሱ፣ ፊት ለፊት፣ እጁን አንጠልጥሎ ቆሟል። ባልደረቦቹ ዙሪያውን ከበውታል፤ አንዱ እነሆ እንደማለት ወደ እሱ ያመለክታል። ስለዚህ አቋቋሙ ሐዘን ሳይሆን ትርኢቱ አልቆ ለተመልካቹ ሰላምታ የሚሰጥበት ሰዓት ነው አለ። የሉቭሩም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ጓደኞቹ ወደ ታች ወርደው እሱ ብቻውን መቅረቱ ነው።

28 ላይ ጋሼ ይህን ወደዱት፤ አንድ ነገር ብቻ አረሙ። ከትርኢቱ በኋላ ሳይሆን በፊትም ሊሆን ይችላል። በገበያው ድንኳን ደጃፍ ሰው ለመሰብሰብ የሚታይ አጭር ቀልድ ነበር፤ ዢል የቆመው እዚያ ላይ ነው፣ አህያም እዚያ ይመጣል። 29ኛዋ ሠዓሊዋ በፊትም ይሁን በኋላ ትርኢቱ ላይ እንዳልሆነ ከድቡ ልጅ ነው የተማርኩት አለች። ስለ እጅጌው ሦስት ሳምንት ስታስብ ልብሱ የሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል አንድም ቀን አልመጣላትም። ጋሼ ግን እጅጌው በልምዱም ረጅም ነው ብለው በአቋማቸው ጸኑ። እኔ እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ ልጁም አልተቀየመም።

30ኛው ሥዕሉ የንግድ ቤት ማስታወቂያ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ቫቶ ይህን የማይንቅ ሰው ነበር። በ1720 ለጓደኛው ለዤርሰን የሥዕል መሸጫ ሱቅ በቀናት ውስጥ የሠራው ማስታወቂያ ዛሬ በርሊን ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰቅሏል። ፒዬሮንም ቲያትር ትቶ ቡና ቤት የከፈተ ተዋናይ አሣለው የሚል ግምት አለ። ግምት ነው። ሥዕሉ ተሥሎ መቶ ዓመት ገደማ የት እንደነበረ ሰነድ የለም፤ ብቅ የሚለው የሉቭር ዋና ኃላፊ በነበረው በደኖን ቤት ነው።

31 እና 32 ቫቶ ነው ዋቶ በሚለው ላይ የተደረገ ጦርነት ነው። እለፉት። 33ኛው አድሚኑ ነው፤ አስጠንቅቆ ወጣ።

34 ላይ የድቡ ልጅ ለተጠየቀው መለሰ። ያኔ የሚያስበው ስለ ራት ነበር አለ። የማታው ሰርቪስ ካመለጠው ቤት ሲደርስ ሩዙ አልቆ ይጠብቀዋል። ሰዎች ግን ሲያዩት ምስኪን ድብ እያሉ ፎቶ ያነሡት ነበር።

35ኛዋ አዲስ አበባ የውበት ሳሎን አላት። መልሶቹን ሁሉ አንብባለች፤ ሥዕሉን አሳትማ ግድግዳዋ ላይ ልትሰቅለው ወስናለች። ችግሩ ግድግዳው ጠባብ ነው። ከግራ በኩል ትንሽ ቢቆረጥ፣ አህያው ቢወጣ፣ ሥዕሉ ይበላሻል ወይ ብላ ጠየቀችን።

36 እኔ ነኝ። አህያውን አትንኪው፣ ሥዕሉን እንዳለ አሳንሺው ብያታለሁ። ሠዓሊዋ ምን እንደምትል እየጠበቅን ነው።